የዓሣው ጀርባ

ሰዓት ሠሪውና ፀጉር አስተካካዩ የተጣሉት በአንድ ዓሣ ነው። በመሬት ወይም በውርስ ቢሆን ኖሮ አስታራቂ አይጠፋም ነበር። በዓሣ ስም የተኳረፉ ሁለት ሽማግሌዎችን ግን ማን ይሸመግላል? ሰምቶ የሚስቅ እንጂ።

ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው መንጠቆ ይጥሉ ነበር። ደንብም ነበራቸው። የተያዘ ዓሣ ስሙ ሳይነገር ባልዲ አይገባም፤ ስሙን የሚናገረው ደግሞ ያጠመደው ሳይሆን ሌላኛው ነው። ቆሮሶና አምባዛ አያጨቃጭቁም። ቆሮሶ ጠፍጣፋ ነው፣ ጀርባው እሾህ በእሾህ፤ አምባዛ ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም፣ ጢሙም ስምንት ነው። ነገር የመጣው ከአራት ዓመት በፊት፣ ፀጉር አስተካካዩ ክንድ የሚያህል ወርቃማ ዓሣ ጎትቶ ባወጣ ዕለት ነው። ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዱ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጢሙን ቆጠረ። አራት።

«ቢልጫ» አለ።

«ኧረ ካርፕ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አራት ጢም አለው እኮ። ቢልጫ ነው አራት ጢም ያለው።»

«ካርፕም አራት ነው ያለው። ስማኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጢም ስላጭ ነው፤ ጢም አይታመንም። ጀርባውን እይ!»

«አንተ ምላጭህን ያዝ። መቁጠር የኔ ሥራ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓሣውን ስሙ ሳይቆረጥለት ባልዲው ውስጥ ወረወረው። በሠላሳ ዓመት ደንቡ ሲፈርስ የመጀመሪያው ነበር። ሰዓት ሠሪውም የዓሣውን ጀርባ ሳያይ ዕቃውን ሰብስቦ ተነሣ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ምላጩ ያለው ከፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ቢሆንም የዋጠው ሰዓት ሠሪው ነው። በዚያው ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ መቶ እርምጃ ተራርቀው ማጥመድ ጀመሩ። ሰዓት ሠሪው ሚስቱን የቀበረው ቀደም ብሎ ነው፤ ልጅም አልነበራቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግሩት የሰዎች ሰዓቶች ብቻ ነበሩ። እሑድ ሲመጣ ዓሣ ይይዝና እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ስሙ እንዲነገርለት። ጎኑ ማንም የለም። እጁን ይሰበስብና ራሱ «ቢልጫ» ብሎ ባልዲ ውስጥ ይከተዋል። ራሱ የሰየመው ዓሣ ደግሞ ቤት ወስዶ ሲበላው ጣዕም አልነበረውም። አንዳንዴ በዓይኑ ጠርዝ ወዲያ ማዶ ሲያይ፣ ያም ሰውዬ ዓሣ ይዞ እጁን ወደ ጎኑ ዘርግቶ ያገኘዋል። ያኔ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ክሩ ላይ ወደሚንሳፈፈው ቡሽ ይመልሳል።

ሦስት ወር ሆነው፣ የፀጉር አስተካካዩ ቦታ ባዶ ከሆነ። ሰዓት ሠሪው ማንንም አልጠየቀም። በፀጉር ቤቱ በር ላለማለፍ በጓሮ መንገድ መዞር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ዞረ። «ደክሞት ይሆናል» አለ ለራሱ። ደስ እንዲለው ሞክሮም ነበር፤ አልሆነለትም።

የዛሬው እሑድ በተቀቀለ በቆሎ አጠመደ። ቡሹ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሄደ፣ ከዚያ ጠለቀ። ክሩን እየለቀቀና እየሳበ ታገለው፤ በመጨረሻ ዓሣው ተሸንፎ ወጣ። ወርቃማ ነው፣ ክንድ የሚያህል። ጢሙን ቆጠረ። አራት። «ቢልጫ» ሊል ሲል የእጅጌው ክር ከዓሣው ጀርባ ተያያዘበትና አልላቀቅ አለው።

ክሩን ለማስለቀቅ አጉሊ መነጽሩን ወደ ጀርባው አዞረ። ክንፉ እንደ ቢልጫ አጭር አልነበረም፤ ከጀርባው መካከል ተነሥቶ ወደ ጭራው ተቃርቧል። ከፊቱ ያለው ወፍራም እሾህ ደግሞ እንደ ሰዓት ማርሽ ጥርስ አውጥቶ መጋዝ ሆኗል። ሰው የማይቆጥረውን ሲቆጥር የኖረ ዓይን ይህን አራት ዓመት ሙሉ አላየም ነበር፤ አላይም ብሎ ነበር። አፈረ። ለብቻው ተቀምጦ ፊቱ ቀላ።

ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በዋናው መንገድ ሄደ። ፀጉር ቤቱ ዝግ ነበር። የጎኑን በር ሲያንኳኳ የፀጉር አስተካካዩ ሴት ልጅ ከፈተች።

«ጋሼ! ከየት ተገኙ?»

«አባትሽ አለ?»

«አለ» አለች። «ግን ጋሼ፣ አባዬ ሰው መለየት ካቆመ ሰነበተ። እኔንም አንዳንድ ቀን በእህቱ ስም ነው የሚጠራኝ። እንዳይከፋዎት።»

ፀጉር አስተካካዩ የጓዳው መስኮት ሥር፣ የደንበኛ መቀመጫ ከነበረ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና አለና «ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። «ፀጉር ነው ጢም?»

በሠላሳ ዓመት አንቱ ተባብለው አያውቁም። ሰዓት ሠሪው መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀውን የይቅርታ ቃል ትቶ «እኔ ነኝ» አለ። ሰውዬው በትሕትና ፈገግ አለ።

ሰዓት ሠሪው ጨርቁን ፈትቶ ዓሣውን ጭኑ ላይ አኖረለት። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ፣ እንደ ደንቡ።

ፀጉር አስተካካዩ ጢሙን አልነካም። አውራ ጣቱን ጀርባው ላይ አሳረፈና እሾሁን ከታች ወደ ላይ፣ የምላጭ ስለት እንደሚፈትሽ ሰው፣ በቀስታ ዳሰሰው።

«ካርፕ ነው» አለ።

«ካርፕ ነው» አለ ሰዓት ሠሪውም። «ልክ ነህ። ያኔም ካርፕ ነበር።»

«ቀስ ይበሉ!» ፀጉር አስተካካዩ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ጓደኛ አለኝ፣ እልኸኛ ነው። እሱ ቢልጫ ነው ይላል። ሲመጣ ቢልጫ ነው ይበሉልኝ።»

«ይመጣል?»

«እንዴታ! እሑድ እሑድ ይመጣል።»

«እሺ» አለ ሰዓት ሠሪው። «እነግረዋለሁ።»