ጦጣውን አየኸው?

ስርጉት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ማንጎ አንድ ጎኑ ተቦጭቋል። አሶሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ማንጎ ለማግኘት ከትምህርት ቤቱ አጥር መውጣት አያስፈልግም።

«ምን ታያላችሁ?» አለች።

«ጦጣ የበላው ማንጎ» አለ አብዲ ከኋላ።

«ጦጣውን አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ቲቸር። ግን ይታወቃል።»

«በምን ይታወቃል?»

«የአብዲ ወንድምም ሊሆን ይችላል፣ ቲቸር» አለች ቤዚ። «እሱም እንደዚሁ ነው የሚበላው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ስርጉት ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፈች፦ ምልከታ፣ ድምዳሜ።

«የተቦጨቀ ማንጎ፣ የጥርስ ምልክት። ይህ ምልከታ ነው። ጦጣው ያለው ግን እዚህ ነው» ብላ ግንባሯን በጣቷ ነካች። «አትደምድሙ አላልኩም። ያያችሁትና ከራሳችሁ የጨመራችሁት እንዳይደባለቅባችሁ።»

ስልኳ ጮኸ። ዐርዋ ነበረች፤ ባምባሲ መንገድ ላይ ካለው የስርጉት ወላጆች ቤት ጋር አጥር የምትጋራ የበርታ ሴት። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ካልወጣች አትደውልም።

«ስርጉት! ታመመ! በጣም ታመመ። ቶሎ ና!»

ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። እንደገና ሞከረች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም።

ለማሰብ ብዙ አልፈጀባትም። አባቷ አስም አለበት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያፍነዋል፤ ትናንት ደግሞ ዘንቧል። «ታመመ» ተብላለች፤ ወንድ ነው። እቤት ያለው ወንድ አባቷ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመትም በመንደሩ ጤና ኬላ የሚነፋው መድኃኒት ጠፍቶ ለትንሽ ነው የተረፈው። ስለዚህ ባዶ እጇን አትሄድም።

መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ ይጮሃል። «ባምባሲ! አንድ ሰው! እህት፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው፣ ግቢ!»

«ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ፣ አባቴ ታሟል፣ ጠብቀኝ።»

«ተሳፋሪው ይበላኛል፣ እህቴ!»

ሄደባት። የመጀመሪያው ፋርማሲ የለውም። ሁለተኛው ለስግደት ዘግቷል። ሦስተኛው የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ አለ፤ ተጨቃጨቀች፣ ለመነች፣ ገዛች። የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ መስኮቱን ተደግፋ ጠበቀች። አባዬ፣ ትንሽ ብቻ ተንፍስ፣ ትል ነበር በልቧ። ትንሽ ብቻ።

ስትደርስ አባቷ በቃሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። በደንብ ይተነፍሳል።

ስርጉት ሳቀች። «ኧረ አስደነገጣችሁኝ! እትዬ ዐርዋ ልትገድለኝ ነበር እኮ። ተሻለህ?»

በቃሉ ቀና ብሎ አያት። ያለችው ነገር የገባው አይመስልም።

«እናትሽ ናት፣ ልጄ» አለ። «ጠዋት ‹ራሴን› አለች፣ ወደቀች።»

ዐርዋ የራስ መሸፈኛዋን አፏ ላይ ይዛ ከቤት ወጣች።

«ዘገየህ፣ ስርጉት። ‹ልጄ መጣ?› አለ። ደግሞ ‹መጣ?› አለ። በር በር አየ። መንገድ ላይ ነው አልኩት። አሁን ሞተ። አሁን፣ ወላሂ።»

ዘገየህ። ዐርዋ አማርኛን የለመደችው ከጎረቤት ነው፤ በአፏ ሁሉም ወንድ ነው። ላሟም ጠፋ፣ ዶሮዋም ታቀፈ፣ ስርጉትም ከሕፃንነቷ ጀምራ ‹ና› ናት። እናቷ ብዙወርቅ «ኧረ ዐርዋ፣ እኔንም ወንድ አደረግሽኝ፤ ለበቃሉ ሚስት ፈልጊለት!» እያለች ትስቅባት ነበር፤ ዐርዋም አብራት ትስቅ ነበር። ዛሬም ስልኩ ላይ «ታመመ» ያለችው «ና» ከማለቷ በፊት ነው፤ በአንድ ትንፋሽ። ስርጉት ሁለቱንም ሰምታለች።

«ምንድነው እሱ?» አለች ዐርዋ፣ ስርጉት በእጇ የያዘችውን ላስቲክ እያየች።

«የአስም መድኃኒት።»

«ብዙወርቅ አስም የለውም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ገባች። እናቷን አልጋው ላይ አስተኝተው ነጠላ አልብሰዋታል። አንድ እግሯ ወጥቷል። ተረከዟ እንደተሰነጣጠቀ ነው፤ ጠዋት የረገጠችው ጭቃ ጣቶቿ መካከል ደርቋል። ስርጉት ነካችው።

ይሞቃል።

የሞተ ሰውነት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች፤ አስተምራዋለች። ከዚህ ሙቀት ተነስቶ በሰዓት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ እስከ ሦስተኛው ፋርማሲ፣ እስከ ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ብቻ እስከጎደለው ሚኒባስ። መሬቱ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

ይሞቃል፣ አለች። ይሞቃል። ሌላ ምንም ከራሷ እንዳትጨምር ሐሳቧን እዚያው ላይ ገታች፤ እግሩንም እስኪቀዘቅዝ አልለቀቀችውም።