ቁልፉ ለቅሶ ሄዷል

መንግሥት ከሰጠ አይቀር አብዝቶ ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. ክረምት ለጂኦግራፊው መምህር ለከማለዲን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሰጠው፤ አዳማ ላይ የሃያ አንድ ቀን ሥልጠና፣ በሚያስተምርበት ሮቤ ላይ ደግሞ አንድ ፕላዝማ። ፕላዝማ ማለት ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይለቀቃል፤ የደረሰ ይደርሳል፣ የቀረ ይቀራል። ከማለዲን አዳማ ላይ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የቴሌቪዥኑ መምህር ሲናገር የክፍሉ መምህር እንዴት ዝም እንደሚል በሚገባ ተማረ። የምስክር ወረቀቱን ሚስቱ ዙህራ በመስታወት አስገጥማ ሱቋ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቀለችው።

ሥልጠናው ያልነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ናቸው።

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠመኔ ያለ ፊርማ ከእጃቸው ወጥታ አታውቅም። ፕላዝማው በብረት ሣጥን ውስጥ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ በጥቁር ክር እሳቸው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ማስከፈት የፈለገ መምህር በሞዴል ሃያ ቅጽ ይጠይቃል፣ ርዕሰ መምህሩ ያጸድቃል፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ይፈርማል። እንዲህ ሲባል ሠላሳ ደቂቃው የሳተላይት ትምህርት ያልቃል። ከማለዲን ምን ያድርግ? ጠመኔውን አንስቶ እንደ ድሮው ያስተምራል። ማያው ላይ ከፋብሪካ የመጣውን ስስ ላስቲክ እንኳ አንድ ቀን ሊልጠው ቢል «እጅህን ሰብስብ! ላስቲኩም የተቆጠረ ንብረት ነው» ብለውታል።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ማንም ባልተጎዳ። ግን መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣ። የሠለጠነበትን ፕላዝማ ሥራ ላይ ያላዋለ መምህር፣ ወደሚያውልበት ትምህርት ቤት ይዛወራል ይላል። ቦታውም ተጽፏል፤ ሙቀቱ ግመል የሚያስተኛ የቆላ ወረዳ። ሐሙስ ዕለት ከዞኑ እንግዶች መጥተው፣ ከማለዲን በፕላዝማው ሲያስተምር አይተው ይወስናሉ።

«ወላሂ እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ ልጆቼን ይዤ ቆላ አልወርድም» አለች ዙህራ። «አንተ ከፕላዝማህ ጋር ሂድ። እሷ ታብስልልህ።»

ቀልድ አልነበረም። ከማለዲን ዙህራን ያውቃታል፤ አልሄድም ካለች አትሄድም። እሱ ደግሞ ያለ እሷና ያለ ልጆቹ አንድ ሳምንት መኖር እንደማይችል አዳማ ላይ አይቶታል፤ በሃያ አንዱ ቀን ስድስት ኪሎ ቀንሶ ነው የመጣው። ስለዚህ የሐሙሱን ቅጾች ሁሉ ረቡዕ ከሰዓት ሞላ፣ አስጸደቀ፣ ፈረመ። የቀረው ጠዋት ቁልፉን መቀበል ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ንብረት ክፍል ደረሰ። ተዘግቷል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ረዲ በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን ይዟል።

«የወይዘሮ ወለተኢየሱስ አጎት ማታ ጎባ ላይ አረፉ። ለቅሶ ሄደዋል» አለው።

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉም ለቅሶ ሄዷል።»

«እንስበረው!»

«የመንግሥት ቁልፍ? ነገ አጣሪ ኮሚቴ ሊቋቋምብኝ? በል ጎባ ሂድ። እንግዶቹን እስከ አራት ሰዓት አቆያቸዋለሁ፤ ሳተላይቱን ግን ማቆየት አልችልም።»

ከማለዲን ሚኒባስ ውስጥ ዘሎ ገባ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን አሰበ። ቁልፉን ይቀበላል፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ሮቤ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው እንዲህ በሰዓት ሲያስብ፣ ሰይጣን በጎን ሆኖ ይስቃል።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ገና ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ኃይለየሱስ እጁን ይዘው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ታኢ፣ ታኢ፣ ተቀመጥ የኔ ልጅ። ከየት ነው?»

«ከሮቤ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከሚሠሩበት ትምህርት ቤት ነኝ።»

አቶ ኃይለየሱስ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እዩ እንግዲህ! የሮቤው ትምህርት ቤት ተወካይ ልኮልናል! ገና በማለዳው!»

ድንኳኑ በምስጋና አጉረመረመ። ተወካይ አይደለሁም፣ ቁልፍ ፈልጌ ነው ብሎ የሚናገር አንደበት ከየት ይምጣ? ንፍሮ በሰሃን መጣለት። ቶሎ ብሎ ጨረሰው፤ ቶሎ በመጨረሱ እርቦታል ተብሎ ተጨመረለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ሰዓቱን በእጅጌው ሥር አየ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ሦስተኛውን ሰሃን ሲጨርስ አቶ ኃይለየሱስ ተነሡ። «ከመምህሩ ሁለት ቃል እንሰማለን» አሉ።

ሟቹን አቶ ሠርከአዲስን ከማለዲን በሕይወታቸው አይቷቸው አያውቅም። አጠገቡ ወዳሉት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ «ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ በጆሯቸው ጠየቀ። «አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠባቂ» አሉት። «ሻማ እንኳን ጠፍቶባቸው አያውቅም። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውት ነው የሞቱት።»

ቁልፍ በዘራቸው ነው ለካ። ከማለዲን ተነሣ።

«አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ጀመረ። «የሰው ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ወዳጅ የለውም። አምጣ ሲሉት እምቢ ይላል፣ ፈርም ይላል፣ ነገ ና ይላል። ሁላችንም ከኋላው እናማዋለን። ክፉ ነው፣ ገብጋባ ነው እንላለን። እኔም ብያለሁ። ግን ለራሱ አንድም ነገር አይወስድም። የግላችን የሆነውንና የሁላችን የሆነውን ለይቶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ነገ የምንቀበለው ነገር አይኖርም።» እዚህ ላይ አለቀሰ። ለአቶ ሠርከአዲስ ይሁን ለሌላ ሰው፣ እንባው ከየት እንደመጣ ራሱም አላወቀም፤ ሊያብሰው ሲል ባሰበት። ሴቶቹ ይህንን አይተው እንደ አዲስ አለቀሱ።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሆነ። ከማለዲን ተስፋ ቆረጠ። አገር ሁሉ እያለቀሰ ከሐዘንተኛ አንገት ላይ ቁልፍ አይጠየቅም። ተሰናብቶ ወጣ፤ ወይዘሮ ወለተኢየሱስም እንደ ወጉ ሊሸኙት ተከተሉት።

«ከትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ አንተ ብቻ መጣህ» አሉት በሩ ላይ።

ይህን ሲሰማ አፈረ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልሆነለትም። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የመጣሁት ለለቅሶ አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ዕውር ነኝ? ስትገባ ዓይንህ አንገቴ ላይ ነበር።» እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደው ጥቁሩን ክር አወጡት። «እንካ።»

ከማለዲን እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ሃያ ሦስት ዓመት! «ቅጹን ትናንት ሞልቻለሁ፣ ግን ርክክቡ ላይ እርስዎ ሳይኖሩ…»

«ለአጎቴ አልቅሰሃል አይደል? ፈርመሃል ማለት ነው። ሂድ።»

ሚኒባሱ ግን ለቅሶ አያውቅም። አንድ ሰው ጎድሎት እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ቆመ፤ ከዚያም አንድ በግ ለመጫን ቆመ። ከማለዲን ክፍሉ ደርሶ ሣጥኑን ሲከፍት ከእንግዶቹ ጋር ስልሳ ተማሪ ጠበቀ። ማያው በራ። የቴሌቪዥኑ መምህር ፈገግ ብሎ ብቅ አለና በእንግሊዝኛ በርትታችኋል፣ ደህና ሁኑ ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሙዚቃ ተከተለ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

በሥልጠናው መሠረት የመጨረሻው አሥር ደቂቃ የክፍሉ መምህር የማጠቃለያ ጊዜ ነው። ያልተጀመረ ትምህርት እንዴት ይጠቃለላል? ከማለዲን ከጎባ ያመጣውን ላብ ጠርጎ ጠመኔ አነሣ። የዕለቱ ርዕስ ከፍታና የአየር ጠባይ ነበር። ጎባን ሣለ፣ ተማሪዎቹን ከጎባ ወደ ሳኔቲ አምባ አወጣቸው፣ ከሳኔቲ ወደ ማሩ አገር ወደ ሪራ አወረዳቸው፤ ገብስ የት እንደሚቆም፣ ቀርከሃ የት እንደሚጀምር እየተሻሙ መለሱለት። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም። ከማለዲን ግን ልቡ ቆላ ወርዶ ነበር።

የእንግዶቹ መሪ አቶ ለሚ ቅጹን ይዞ ወደ ፕላዝማው ሄደ። ላስቲኩን በጣቱ ነካ። ደግሞ ነካ።

«ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም!» አለ። ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «እስካሁን ዘጠኝ ትምህርት ቤት አየን። የሰባቱ አይበራም። የአንዱ ተሰንጥቋል። አንዱን ለኳስ ጨዋታ አውጥተውት እስካሁን አልተመለሰም። ይቺን ተመልከቱ! ለዞኑ የመምህራን ማሠልጠኛ የሚሆን የሚበራ ፕላዝማ ያለው እዚህ ብቻ ነው።» ከማለዲንን አየው። «አሠልጣኙም ሠልጥኗል፤ ማስተማሩንም አይተናል፤ ከዚህ የትም አይዛወርም። ለመሆኑ ይህን ያህል እንዴት ጠበቃችኋት?»

አቶ ረዲ ጉሮሮውን ጠረገ። ከማለዲን ቀደመው። «ባለሙያ አለን» አለ።

ማታ ዙህራ የዝውውሩን ደብዳቤ ወስዳ ስኳር ጠቀለለችበት።

ሰኞ ጠዋት ከማለዲን ቁልፉን ሊመልስ ንብረት ክፍል ሄደ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። ቁልፉን ተቀብለው አንገታቸው ላይ መለሱት፤ የረቡዕ ቅጹን ቀድደው ጣሉና ሌላ ሞዴል ሃያ ሁለት ገፋ አደረጉለት። ቀኑ የሐሙስ ነው። ዕቃው፣ ቁልፍ፣ አንድ። የወጣበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በጥንቃቄ ጽፈዋል፤ «ለቅሶ ለመድረስ»።

ከማለዲን ቀና ብሎ አያቸው።

«ምነው፣ ውሸት አለበት?» አሉት።

«የለበትም፣ እትዬ» አለና ፈረመ።