ቅቤ የጠጣው ሹመት

ራሺድ በነገሌ ገበያ ስኳርና ሻይ ቅጠል እየሸጠ ሹመት የሚሰበስብ ነጋዴ ነበር። ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ጠራርጎ ካባረረ በኋላ የሹመት ደብዳቤዎቻቸው ለመጠቅለያነት በኪሎ ይቸበቸቡ ጀመር። እሱም ማኅተምና ፊርማ ያለበትን እየለቀመ ከጨርቅ ጣቃ ሥር ይሸሽጋል።

«ሰው ወርቅ ይደብቃል፣ የኔው ጉድ የተሻረ ሰው ፊርማ ይደብቃል! ቀበሌ ያገኘው ቀን አንተን ነው የሚጠቀልሉህ» ትለዋለች ሚስቱ ሸምሳ። እሱ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ደብዳቤ ግን እንቅልፍ ነሥቶታል። ጃልዴሳ የተባሉ ሽማግሌ እጅ ያለ፣ አባታቸው ባላባት ሆነው የተሾሙበት ነው። ማን እንደፈረመበት የሚያውቅ የለም። የክብረ መንግሥት ከተማው መምህር ዋቅጅራ፣ ያው የሱ ብጤ ወረቀት ለቃሚ፣ «የፈረመው ሚኒስትር ነው» ይላል። ራሺድ ደግሞ «ወላሂ፣ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው!» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ በመጨረሻ ጃልዴሳ ደብዳቤውን በራዲዮ ሊለውጡለት ተስማሙ።

በገበያ ቀን ሽማግሌው የወተት ጮጮ ታቅፈው ከች አሉ።

«አካም ራሺድ? ናጋ?»

«ናጋ፣ ኦቦ ጃልዴሳ። ደብዳቤውስ?»

«ይኸው እዚህ ውስጥ። ምስጥ እንዳይበላው ጮጮውን አጥናለሁ። ለአባቴ ክብር ደግሞ በየዓመቱ ለጋ ቅቤ እቀባዋለሁ። አሳምሬ ነው የያዝኩት!»

ራሺድ ክው አለ። ክዳኑ ሲከፈት የጭስና የከረመ ቅቤ ሽታ ሱቁን ሞላው። ወረቀቱ ጠቁሮና ወዝቶ ማዶውን ያሳያል። ማኅተሙ እድፍ ብቻ ሆኗል። ጽሑፉንም ፊርማውንም ቅቤው ምጥጥ አድርጎ ጠጥቶታል።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ጊዜ ደጅ የጠናው ለዚህ ነው? ጃልዴሳ ግን ፊደል አልቆጠሩምና ጥምጣማቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ።

«በል አንብብልኝ። ልጅ ሆኜ ሲነበብ ሰምቼው ነበር፣ ረሳሁት። አባቴን የሾመው ማን ነበር?»

አንጀቱን በሉት። ንዴቱ እንዳለ ነው፣ ግን አንጀቱን በሉት። ጉሮሮውን ጠረገና ባዶውን ወረቀት ያነብ ጀመር። «ለታማኙ፣ ለጀግናው፣ ለአገሩ ምሰሶ…» እያለ ከጨርቅ ጣቃው ሥር ካሉት ደብዳቤዎች የሚያስታውሰውን ውዳሴ ሁሉ ደረደረው። ለፈራሚውም ከየሹሙ ስም ቃርሞ፣ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ደራርቦ፣ በዚህች አገር ተወልዶ የማያውቅ ታላቅ መኰንን ፈጠረ።

የጃልዴሳ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ኤዬ! እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው፣ አሁን ትዝ አለኝ!»

ወረቀቱን ተቀብለው ጮጮው ውስጥ መለሱት። ራሺድ ራዲዮውን ሲያቀብላቸው እጁን ገፉት።

«ያዘው ልጄ። እንዲህ ያለ ስም አይሸጥም። በየዓመቱ ቅቤውን ስቀባ አመጣልሃለሁ፣ አንተ ታነብልኛለህ።»

ሽማግሌው ከሱቁ እንደወጡ ሸምሳ ከጓዳ በሳቅ እየፈረሰች መጣች። ራሺድ ግን ላብ አጥምቆታል።

«ሳቁን ተይና እስክሪብቶ አምጪ! ለከርሞ ይመጣሉ እኮ! ማን ብዬ ነው ያነበብኩት?»

ሸምሳ ወረቀት ዘርግታ የሰማችውን ስም ትነግረው ጀመር። ማዕረጉ ያነሰ ሲመስላት ከራሷ እየጨመረች ነበር።