ላልተቀመሰ ማር ምስክር

ቄስ ደጅይጥኑ የራሳቸውን መልክ በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ያገኙት በሰቆጣ ገበያ፣ ማር ተራ ላይ ነው። ስልኩን የያዘው ነጋዴው ደረሰ ነበር። ደረሰ በየዓመቱ ከእሳቸው ማር የሚገዛ፣ ሲገዛም ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«አባታችን፣ አዲስ አበባ ሱቅ ሲከፍቱ ለእኛ ለድሆቹ አይነግሩንም?»

«የምን ሱቅ?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ጥምጣሙም የእርስዎ፣ ጢሙም የእርስዎ።»

ቄሱ ስልኩን ተቀብለው ከዐይናቸው አራቅ አድርገው አዩት። ከቤታቸው ጀርባ ከተደረደሩት ቀፎዎች አጠገብ ቆመው፣ አዲስ የተቆረጠ ማር በሳሕን ይዘው ይታያሉ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ቄሱ በእጃቸው የሚቆርጡትን እውነተኛውን የሰቆጣ ነጭ ማር ለመግዛት እዚህ ይጫኑ።»

ፎቶውን ያውቁታል። በጥቅምት ማር ሲቆረጥ አማቻቸው ዘመነ «ለማስታወሻ ይሁነን» ብሎ ያነሣው ነው። ጽሑፉን ግን ገና ማየታቸው ነበር። የዚያ ዓመት ማራቸው ከፊሉ ለደብሩ ዝክር ውሏል፤ የቀረውን ይኸው ደረሰ ገዝቶታል። ወደ አዲስ አበባ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልሄደችም።

ደረሰ አሁን መሳቁን ትቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእርስዎ ማር እኔ ቤት ከሆነ፣ በእርስዎ መልክ እዚያ የሚሸጠው ምንድን ነው? እኔ ስኳር ነው አልልም። ሌላ ሰው ግን ይላል።»

ቄሱ ስልኩን መልሰው ጋቢያቸውን አጣፉና በቀጥታ ወደ ልጃቸው ወደ ማርታ ቤት አቀኑ።

ዘመነ የማርታ ባል፣ በከተማው የኮምፒውተር መምህር ነው። በዚያ ዓመት ቤታቸው አዲስ ሶፋና ፍሪጅ ገብቶ ነበር። የመምህር ደሞዝ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ቄሱ ስለሚያውቁ፣ ከሶፋው ላይ ሁልጊዜ ጫፉን ይዘው፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ይቀመጡ ነበር። ያን ቀንም እንደዚያው ተቀመጡ። ማርታ የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ከበሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ነበረች።

«ምንድን ነው የምትሸጠው?» አሉት።

«እኔ ምንም አልሸጥም፣ አባ።»

«በእኔ ፊት የምትሸጠውን ነው የጠየቅሁህ።»

ዘመነ ተረዳ። ፊቱ ትንሽ ቀላ፤ ነገር ግን አልሸሸገም። ድረ ገጽ እንዳለው፣ በዚያም ላይ ስለ ልዩ ልዩ ድርጅቶች ዕቃ እንደሚጽፍ፣ አንባቢው ጽሑፉን ወዶ ሊንኩን ቢጫን ወደ ድርጅቱ ሱቅ እንደሚገባ፣ ከገዛም ድርጅቱ ለእርሱ ኮሚሽን እንደሚከፍለው አስረዳቸው። ጫማ፣ ድስትና የፀሐይ መብራት አስተዋውቋል፤ ማሩ የመጣው ቅርብ ጊዜ ነው።

«ድለላ ነው ይበሉት» አለ። «ልጅ ሊመጣ ነው፤ ደሞዙን ደግሞ ያውቁታል።»

«ማሩን አይተኸዋል?»

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«ቀምሰኸዋል?»

ዘመነ ማርታን አየ። ማርታ ወለሉን አየች።

«በሬ ተራ ያለው ደላላም እኮ በሬው የራሱ አይደለም፣ አባ።»

«አይደለም። ነገር ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያሳይሃል። ዞር ዞር አድርጎ ያስኬድልሃል። በሬው ያነከሰ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ገበያ ደላላውን ኩታውን ጨምድደህ ትይዘዋለህ። አንተን ማን ይይዝሃል?»

«ያልወደደ ሰው መመለስ ይችላል። ድርጅቱ እቀበላለሁ ይላል።»

«ይላል አልህ።»

«አዎ። ይላል።»

ቄሱ «እዘዘው» አሉ።

«ምኑን?»

«ማሩን ነዋ። በዚያው አንተ በከፈትኸው በር ገብተህ።»

«ማር ወደ ሰቆጣ? አባ፣ ሰው ምን ይለናል?»

ማርታ ሳታስበው ሳቀች፤ አባቷ ዞር ብለው ሲያዩአት ግን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሳቂ፣ ልጄ። እኔ ግን ያ ማር መጥቶ እስክቀምሰው ድረስ ቅዳሴ አልገባም። መልኬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የሐሰት ምስክር ሆኖ ቆሞ እንደ ሆነ፣ በዚሁ እጄ መስቀል አላሳልምም።»

ሳቁ ከማርታ ፊት ጠፋ። አባቷ ከተካኑ ጀምሮ ሕመም ካልያዛቸው በቀር ከመቅደስ ቀርተው አያውቁም። ዘመነም ስልኩን አንሥቶ አዘዘ።

ማሩ እስኪመጣ ድረስ የቄሱ ቤት ሰላም አልነበረውም። በእሑዱ ቅዳሴ ሌሎች ቀሳውስት ገብተው እሳቸው በቅጥሩ ጥግ እንደ ምእመን ቆመው አስቀደሱ። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ «የሚጣራ ነገር አለብኝ» ብቻ አሉ። ይህም የሰውን ወሬ አባባሰው እንጂ አላበረደውም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል መጀመሪያ በኽምጣኛ ለብቻዋ አጉረመረመች፤ በኋላ በአማርኛ ፊት ለፊት መጣች።

«አንቱ ደግሞ ሳያዩ ይፈርዳሉ። ልጁ ምን አጠፋ?»

«ሳላይ ስለ መሰከርሁ እኮ ነው ከቅጥር ጥግ የቆምሁት።»

«የመሰከረው እሱ ነው።»

«በማን ፊት?»

ወለተ ሚካኤል መልስ ስታጣ ማሰሮ ማጠብ ልማዷ ነው፤ ያን ቀን የታጠበው ማሰሮ እንደ ገና ታጠበ።

ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ከሰው ልብ ከገባ በአንድ ነገር ተወስኖ አይቀመጥም። ዘመነ ባለፈው ክረምት ያመጣላቸው የፀሐይ መብራት ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት፣ «ይህንስ ሰጥቶኝ ነው ወይስ በእኔ መልክ አስመስክሮበት?» ብለው አወረዱት። ቀጥሎም የባሰ ሐሳብ መጣባቸው፦ የታዘዘው የማር ብልቃጥ ሲደርስ ዘመነ ቀድሞ ተቀብሎ፣ ውስጡን ደፍቶ፣ ከነጋዴው ከደረሰ የገዛውን የእሳቸውኑ ማር ቢሞላበትስ? በዚህ ሐሳባቸው ራሳቸው አፈሩ። ቢያፍሩም ግን አልተዉትም። ከወልዲያ የሚመጣው አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት መናኸሪያው ደጃፍ ቆመው ተገኙ።

ረዳቱ በካርቶን የታሸገውን ዕቃ አቀበላቸው። ዘመነ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ።

«ልያዝልዎ፣ አባ።»

«አያስፈልግም።»

«ይከብዳል እኮ።»

«ማር አልከበደኝም።»

በጋቢያቸው ሥር አቅፈው እስከ ማርታ ቤት ወሰዱት። እሽጉን በገዛ ቢላዋቸው ቆርጠው ብልቃጡን ከፈቱ። ማሩ ነጭ ነው። አሸተቱት። በጣታቸው ጥቂት ወስደው በሁለት ጣት መካከል አሹት፤ የሚቆረቁር ነገር አላገኙበትም። ከዚያ ከምላሳቸው ላይ አኑረው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስኳር የተቀለበች ንብ ማር ምላስ ላይ ይጣፍጣል እንጂ ጉሮሮ ላይ የአበባ ሽታ አይተውም። ይህ ግን ተወ። ሽታው የደጋ ነው፤ ምናልባትም የዋግ ተራራ ነው። የትኛው ተራራ፣ የማን ቀፎ እንደ ሆነ ግን ምላሳቸው ሊነግራቸው አልቻለም።

ስኳር ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ፍርዱ በቀለለ ነበር። ስኳር እንዲሆን ተመኝተው እንደ ነበርም በዚያች ቅጽበት ዐወቁ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ ከነከናቸው።

«ማር ነው» አሉ።

ማርታ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ቄሱ ዐይናቸውን ሲገልጡ ዘመነ ሊቀርጻቸው ስልኩን ወደ ፊታቸው አቅንቶ ቆሟል።

«እባክዎ ይድገሙልኝ፣ አባ።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። ቀምሰዋል እኮ። ከእንግዲህ ሐሰት የለበትም።»

«ዘመነ፣ ተው» አለች ማርታ።

«ቆይ እንጂ፤ የፈለጉት ይህንኑ አይደል?»

ቄሱ ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። እምቢ ቢሉ የቀድሞው ጽሑፍ ባለበት ይቀራል። እሺ ቢሉ ደግሞ ፈተናቸው ራሱ ማስታወቂያ ሊሆን ነው። ብዙ ካሰቡ በኋላ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«እኔ ቄስ ደጅይጥኑ ነኝ። ይህ ማር ከእኔ ቀፎ የተቆረጠ አይደለም። ማን እንደ ቆረጠውም አላውቅም። ይህች አንዲት ብልቃጥ ንጹሕ ናት፤ ስለ ሌላዋ ብልቃጥ አልመሰክርም። አማቼ ቀድሞ የጻፈውን የጻፈው ሳይቀምስ ነው።» ከዚያም ወደ ዘመነ ዞረው፣ «ያንን ጽሑፍ አውርድና ይህን አኑር» አሉ።

«ይህን ሰምቶ ማን ይገዛል፣ አባ?»

«እሱ የገዢው ጉዳይ ነው።»

ዘመነ እንድትረዳው ማርታን በዐይኑ ለመናት። ማርታ ግን፣ «የተናገሩትን አንዲት ቃል ሳትቆርጥ አኑረው» አለችው። አኖረው።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ቄሱ ወደ መቅደስ ሊገቡ ሲዘጋጁ ዘመነ በቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰ። ከከተማ ድረስ በእግሩ ፈጥኖ ስለ መጣ ላብ አጥምቆታል። ፊቱ የደስታ አልነበረም፤ የኀዘንም አልነበረም።

«ንግግርዎን ሰው ተቀባበለው፣ አባ። የሚገዛው ከበፊቱ እጥፍ ሆነ።»

«ቃሌን ሰምተው ነው ወይስ ጥምጣሜን አይተው?»

ዘመነ ለመመለስ ዘገየ። በዚያ ጊዜ «ሰምተው ነው» ቢላቸው የሚያጋልጠው ሰው በዓለም አልነበረም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ አፉን ሳይሆን ዐይኑን ጠበቁ።

«ድረ ገጹ ስንት ሰው እንዳየው ይነግረኛል» አለ በመጨረሻ። «ምን እንዳሰቡ አይነግረኝም። ነገር ግን ድምፁን ከፍተው እንዳዩት ወይም ዘግተው እንዳዩት ያሳያል።»

«እሺ?»

«የሚበዙት ዘግተው ነው ያዩት፣ አባ።»

ከመቅደስ የደወል ድምፅ መጣ። ቄሱ፣ «ይህን ልትነግረኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?» አሉት።

«ሳይገቡ ልድረስ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አውርደው። ፎቶውንም፣ ንግግሬንም፣ ማሩንም። በእጅህ የያዝኸውን ዕቃ፣ ያየኸውን ያህል ጻፍ፤ አልከለክልህም።»

«እንዲህ ከሆነ የምጽፈው ጥቂት ነው።»

«ጥቂት ይሁን።»

ዘመነ ከግንቡ ጥግ ቆሞ በስልኩ ላይ ጣቱን ደጋግሞ አሳረፈ። ክረምት ሳይገባ ለሕፃኑ ሊገዛ ያሰበው አልጋ በሐሳቡ መጥቶ ሄደ፤ ጣቱ ግን አላቆመም። ከጨረሰ በኋላ ስልኩን ወደ አማቱ ዘረጋ።

«ወረደ። ይመልከቱት።»

ቄስ ደጅይጥኑ እጃቸውን አልዘረጉም። «ወረደ አልህ አይደል? ይበቃኛል» አሉት፤ ጫማቸውን ከደጃፉ አውልቀውም ገቡ።