የቀኙ ወንበር

አባባ በስልክ «አታስቢ፣ ያንቺ ቦታ ላይ የምትቀመጥ አግኝቻለሁ» ሲለኝ ሴት ያገኘ መስሎኝ ነበር። እማዬ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ቅር ቢለኝም አልፈረድኩበትም። ለእረፍት ስመጣ ለሴትየዋ ሰማያዊ ሻሽ ገዛሁ።

አባባ አውቶቡስ ጣቢያ ሊቀበለኝ መጣ፤ የመኪናችንን በር ስከፍት፣ ወንበሬ ላይ ቀበቶ የታሰረለት የአሸዋ ጆንያ ተቀምጧል።

«ተዋወቂያት» አለ አባባ። «ጨዋ ናት። እንዳንቺ ‹ቀስ በል› እያለች አትጨቀጭቀኝም።»

ሳቅሁ። ሻሹን ግን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

አባባ በያጅ ነው፤ መኪናዋን የሠራት ራሱ ነው። ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ ሁለት። አፍንጫዋ ቀጭን ስለሆነ ሌላ መኪና የማይደፍረው ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብታ እዚያው ዞራ ትወጣለች። ሰው ሲስቅባት «ባለሦስት እግር በርጩማ ሲወላገድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል። በርጩማ ግን ኩርባ አይታጠፍም። አባባ በግራ በኩል ብቻውን ተቀምጦ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የቀኙ የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነበር፤ «ዘንበል!» ሲለኝ በሙሉ ሰውነቴ ወደ በሩ መደገፍ። ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን እፈለግ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ምህንድስና ስማር፣ መፍትሔው ገባኝ። ሁለቱ ጎማዎች ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ቢዛወር አባባ ሲነዳ ጎኑ ሰው አያስፈልገውም። አልነገርኩትም። ተመርቄ ሩቅ ከተማ ሥራ ስይዝም አልነገርኩትም።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ተኝቼ ሳለሁ፣ ብረት ሊገዛ ወጣ። ጆንያዋ ከሥሯ ተቀድዳ አሸዋው በወለሉ ሽንቁር ሲፈስ አላየም። ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው ኩርባ ላይ መኪናዋ በጎኗ ተኛች። ክርኑ ተልጦ እየሳቀ ገባ።

ቁስሉን አጥቤ ስጨርስ ወረቀት አምጥቼ መኪናዋን ሁለቱን ጎማ ከፊት አድርጌ ሣልኩለት። አገላብጦ አየው።

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከሁለተኛ ዓመት።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

ቁስሉን ያጠብኩበትን ጨርቅ ጨመቅኩ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማሽም?» አለ፣ ሊያስቀኝ ፈልጎ። ከዚያ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ «ያንቺ ወንበር የቱ ነው?» አለኝ።

«ይኸው። ባዶ ቢሆንም ግን ችግር የለውም።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

አምስት ቀን ሙሉ ፈታ፣ ቆረጠ፣ በየደ። እኔ ሜትር ያዝኩለት። በስድስተኛው ቀን ብቻውን ነድቶ ኩርባውን ታጠፈ። ሦስቱም ጎማዎች መሬት አልለቀቁም። በመስኮት እጁን አውጥቶ አወዛወዘልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩ። ገብቼ ጆንያዋ ውስጥ የቀረውን አሸዋ ግቢው ጥግ ደፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣቢያው ወሰደኝ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ማንም ሳያዘኝ ወደ በሩ ዘንበል አልኩ። አባባ አየኝ። ስወርድ ሻሹን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«እዚህ ለምትቀመጥ» አልኩት።

አውቶቡሱ በሦስት ሰዓት ተነሣ።