ከእናት የተወረሰ ራስ ምታት

ነጠብጣቦቹ እዚያው ናቸው፣ አልጨመሩም፣ ሐኪሟ ዛሬ ጠዋት የአንጎሌን ፎቶ ስታሳየኝ ጥቁር ጥቁር ይላሉ፣ እንደ ቁንጫ፣ የፈሰሰ ደም ነው፣ ያ አይመለስም፣ የአንጎሌ እብጠት ግን የለም፣ ጠፍቷል፣ ደስ ብሎኛል፣ የዓሣውን ሆድ እየቀደድኩ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ወንድሜ ክራይን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምን ያስቅሻል እንኳ አይለኝም፣ ከመርከብ ከወረደ ጀምሮ ዝም ብሏል።

የእኛ ዘር ራሱን ሲያመው ሐኪም ቤት አይሄድም። ምን ሊያደርጉልን። እማማ ራሴን ባለች በዓመቱ ሞተች፣ እናቷም እንደዚያው፣ የአንጎላችን ደም ሥር ይፈርሳል፣ መድኃኒት የለውም፣ በዓሣ አጥማጅ መንደራችን በካትዋይክ ይሄን የማያውቅ የለም፣ ስለዚህ ዝም፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሲጀመር የሚታደለውን ሚንት ከረሜላ ጉንጫችን ሥር አድርገን ዝም፣ የፈሩት ይደርሳል። እኔም ዝም ብዬ ነበር፣ የባሌ ስም እስኪጠፋኝ፣ እሱው አሪ ነው እየጎተተ ሐኪም ቤት የወሰደኝ።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት፣ ያኔ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፣ የአንጎል ደም ሥር ግድግዳ የሚያሳልፈውን መርጦ ነው የሚያሳልፈው፣ ከእናትዎ የወረሱት ቆሻሻ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ የራስዎ ሰውነት ደግሞ ጠላት መጣ ብሎ ይነሳበታል፣ ብግነት የምንለው ይሄ ነው፣ ቆሻሻውን መታሁ ሲል ግድግዳውን ይቀደዋል፣ ደሙ ጠብ ጠብ ይላል፣ ውርሱን አላጠፋልዎትም፣ ብግነቱን ግን በኪኒን አበርደዋለሁ። አበረደችው። በኪኒኑ ፊቴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ይበል፣ አሪ ሁለት ሚስት አገባሁ ይላል፣ ባለጌ።

ክራይን ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ግንባሩን በመዳፉ ጫን አደረገ፣ ቆይ፣ ይሄን አያያዝ አውቀዋለሁ። ራስህን ነው እንዴ እለዋለሁ፣ የባሕሩ ንፋስ ነው ይላል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከፋሲካ ወዲህ ይላል፣ ለሚስቴ እንዳትነግሪ ኔልቼ፣ ያው የእማማ ነው። የእማማ ብቻ ላይሆን ይችላል እለዋለሁ፣ የእኔም የእማማ ብቻ አልነበረም፣ የሚበርድ ነገር ካለበትስ፣ ተነስ፣ ዛሬውኑ ይዩህ። ተይኝ እህቴ ይላል፣ የቀብሬን ቦታ እንኳ ይዣለሁ፣ ከእማማ ጎን።

ቦታው የትም አይሄድም፣ ኮትህን ልበስ።

ሳይወድ በግዱ ይስቃል፣ ይነሳል።