አራቱ ቅኔዎች የጎደሉበት ምክንያት

ኮምፒውተሩ ለሰባተኛ ጊዜ ድርግም ሲል ፈንታዬ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ሁለት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና የጠቆረውን ስክሪን በሥራ ሰዓት ተኝቶ የተገኘ ተላላኪ እንደምታይ አድርጋ አየችው።

«እንግዲህ» አለች፣ «አንተም የመንግሥት ሠራተኛ ነህ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ደብረ ማርቆስ፣ አገሩ ጠቅላይ ግዛት ሲባል ጀምራ፣ ክፍለ ሀገር ሲባልም ዞን ሲባልም ከወንበሯ አልተነሣችም። አለቆች ይናገራሉ፤ እሷ ትመታለች። የሹመት ደብዳቤ መትታለች፤ ያንኑ ሹም የሚያሰናብት ደብዳቤም በዓመቱ መትታለች። የራሷን የጡረታ ደብዳቤ ራሷ ስትመታ የትውልድ ዘመኗ በሁለት ዓመት መሳሳቱን አይታ፣ ሳታርም ለፊርማ አቅርባዋለች። ይህን ለሰው ስትናገር አንገቷ ይረዝማል። «የተነገረኝን ነው። ሳልጨምር፣ ሳላጎድል።»

ኮምፒውተሩን ልጇ ትሕትና ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ጭና የላከችላት ለአንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የኔታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። የኔታ የፈንታዬ እናት ወንድም ሲሆኑ፣ በታወቀው የቅኔ ቤት በዲማ ዐርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። ከመምህራቸው ከአፍ የተቀበሏቸው፣ ብራናም ወረቀትም ያልነካቸው ሃያ አራት ቅኔዎች በጭንቅላታቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ከጠፋ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን ካለፈ ደግሞ ሰንብቷል። ታዲያ በ፳፻፩ ዓመተ ምሕረት፣ ለፋሲካ ተማሪዎቻቸውን ለቅቀው ማርቆስ መጡና፣ «እስከ ልደታ አለሁ። እጽፋለሁ ካልሽ ጻፊ» አሏት።

አንድ ደንብ ግን አላቸው። አንድን ቅኔ ለተማሪ ሦስት ጊዜ ይነግራሉ። አራተኛ ጊዜ የተነገረው ተማሪ ዲማ ውስጥ የለም።

በብዕር እንዳትጽፈው የፈንታዬ ጣቶች በሪህ ተቆልምመዋል፤ ቁልፍ ይመታሉ እንጂ እስክሪብቶ ከያዙ ዘመን የላቸውም። የድሮው የጽሕፈት መኪናዋ ከአልጋ ሥር አለ። የኔታ ግን ዓይናቸው ሳለ ያንን መኪና አንድ ጊዜ አይተውት ነበርና፣ «እጅና እግሩ በተቆረጠ ፊደል የመምህሬ ቅኔ አይጻፍም» ብለው ዘግተዋል። ስለዚህ ያለው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዐርባ ደቂቃ ሠርቶ ይሞታል።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት ሐኪም ጎረቤቷ ጋሽ ገብረ ኪዳን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ካዩ በኋላ፣ «ወይዘሮ ፈንታዬ፣ ይህ ቮልቴጅ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁት?»

«ደጋ ላይ ነን። ከፍታው ሲጨምር ይዋዥቃል።»

ፈንታዬ ወደ ላይ ተመለከተች። ኮምፒውተሩ በጠፋበት ሰዓት አምፖሉ እንደ በራ ነበር። «አምፖሉስ ቆላ ነው ያለው?» አለች።

ጋሽ ገብረ ኪዳን ግን ሲያስተምሩም በተማሪ ጥያቄ ተደናግጠው አያውቁም። ሄደው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር አመጡና ሰኩት። ኮምፒውተሩ በዐርባ ደቂቃው ሞተ። ስታቢላይዘሩ ብቻውን ሲያጓራ አመሸ።

ቀጥሎ የመጣው ይርዳው ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ «የኮምፒውተር ሆስፒታል» የሚል ጽፎ የከፈተ፣ ጸጉሩን በቅባት ወደ ላይ ያቆመ ጎልማሳ ነው። የሦስት ወር ሥልጠና ምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ከሥዕለ ማርያም ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። ፈንታዬ ይህን ባየች ጊዜ ስለ ሙያው የምትፈልገውን ሁሉ አውቃ ነበር፤ ሌላ ሰው ግን የለም።

«ቫይረስ ነው እትዬ» አለ፣ ገና ከበሩ ሳይገባ።

«ሳታየው?»

«ምልክቱ ነው። ሱቅ ወስጄ ላስተኛው።»

«አስተኛው። ሌላም ያመመው ያለ እንደሆነ እንዳያጋባበት።»

ይርዳው በባጃጅ ሊጭነው ሲል ፈንታዬ አስቆመችውና ልብሱን አወለቀችለት።

ልብስ ነበረው። ሲፒዩ ለሚሉት ለቋሚው ሳጥን፣ በመጣ ሳምንት የሠራችለት ነው። ላዩ በነጭ ክር የተሠራ ዳንቴል፣ ውስጡ ድርብ አቡጀዲ፤ ከአናቱ እስከ እግሩ ይደርሳል፤ ከኋላ በኩል በክር ግጥም ተደርጎ ይታሰራል፤ ከፊት ለመክፈቻዋ ቁልፍ አንዲት የቁልፍ ቀዳዳ ተትቶለታል። በጽሕፈት ቤት ደንብ መኪናውን ሳይሸፍን የወጣ ታይፒስት ከደመወዙ ይቆረጥ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች መንግሥት በሰጣቸው ላስቲክ ሲሸፍኑ፣ የፈንታዬ መኪና ዳንቴል ለባሽ ነበር፤ ሁለት አስተዳዳሪዎች በየዘመናቸው ቆመው አድንቀዋል። ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ እንደ ይርዳው ላለ ሰው አምና ልትሰጥ አይደለም። አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ልታየው ብትሄድ፣ ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ ዘፈን ሲያሳይ ቆይቷል። ሦስት ጎረምሶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አልጠፋም እትዬ» አለ ይርዳው። «ድኗል።»

«ምን አደረግኸው?»

«ፎርማት።»

«ፎርማት ምንድን ነው?»

«ውስጡን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ምን ነበረ?»

ከሃያ አራቱ ቅኔ ከመጥፋት የተረፈው ሁሉ ነበረ። ከሦስቱ አንዱ ንግግር እንዲህ ሄደ።

ስትወጣ ይርዳው እስከ በር ተከተላት። «እትዬ፣ ስትጽፉ በየደቂቃው ሴቭ በሉት። ያን ጊዜ ቢጠፋም አይጎዳችሁም።»

«ስማ የኔ ልጅ» አለችው፤ የኔ ልጅ የምትለው በጣም ስትንቅ ነው። «ፊርማ ከመጨረሻው መስመር በታች ነው የሚቀመጥ። በየመስመሩ የሚፈርም ሹም አይተህ ታውቃለህ?»

ቤት አምጥታ አጸዳችው፤ ልብሱን አለበሰችው፤ ክሩን ከኋላ አጥብቃ አሰረችው። በዐርባ ደቂቃው ሞተ። ፈንታዬ ነገሩን ወዲያው ተረዳችው፤ ይርዳው ሌባ ነው። ሱቁ ሲሆን እንዲሠራ፣ ቤት ሲመለስ እንዲጠፋ አድርጎ አበጅቶታል። ይህንን ለጋሽ ገብረ ኪዳን ነገረች፤ ቅዳሴ ስትወጣ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ለሥራነሽ ነገረች፤ ለሥራነሽ የተነገረ ነገር ደግሞ ደምበጫ ገበያ ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

የኔታ ሁለተኛውን ጊዜ ተናገሩ። እሷ ስትመታ፣ እሱ ሲጠፋ፣ ማታ ማታ የተረፈውን ሴቭ ብላ ስትፈርም፣ አሥራ ሁለቱ ያዙ። አሥራ ሁለቱ ሄዱ።

«ስንት ቀረሽ?» አሏት የኔታ።

«አሥራ ሁለት።»

«ለእነሱም አንድ ንግግር ቀረሽ። ለልደታ እሄዳለሁ።»

ከልደታ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከምሳ በኋላ ተቀመጡ። ወትሮ የኔታ የሚቀመጡት ፀሐይ በሚገባበት በበሩ አጠገብ መደቡ ላይ ነው። ያን ቀን ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመርና የሚሉት አልሰማ አላት። ወንበር አምጥታ ከጠረጴዛው ጥግ፣ ከሳጥኑ ጎን አስቀመጠቻቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው አንድ ብለው ጀመሩ። አንዱን አሉ፤ መታች። ሁለተኛውን አሉ፤ መታች። የአሮጊት ጣቶቿ የወጣትነት ዘመናቸው እንደ መጣላቸው ይሮጡ ነበር። አራተኛውን ጨርሰው አምስተኛውን አልጀመሩም። ብርድ የያዘውን መዳፋቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ነበርና የሆነ ነገር አግኝተዋል።

«ፈንታዬ።»

«አቤት የኔታ።»

«ይቺ የያዝኋት ምድጃ ናት?»

«ኧረ ምድጃስ የለም። ኮምፒውተሩ ነው።»

«ይሞቃል።»

«እንዲያ ነው ጠባዩ።»

«ልብስ ለብሷልሳ!»

ፈንታዬ ሰው ይህን እስኪላት ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ቀና አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁለት። ውስጡ ድርብ ነው።»

«ድርብ ነው» አሉ የኔታ፣ ጨርቁን እንደ ሸማ ገዥ በሁለት ጣታቸው እያሹ። «የማርቆስ ብርድ እንዳይመታው ነው?»

«አቧራ ነው እንጂ የኔታ።»

«እስቲ ዝም በይ።»

ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አዘነበሉ። ከውስጡ ቀጭን፣ የሚጣደፍ ፉጨት ይሰማል። ፈንታዬ ያንን ፉጨት ስትሰማው ወር ሊሆናት ነው፤ የትጋት ድምፅ ይመስላት ነበር።

«ይህ ነገር ይተነፍሳል» አሉ። «የሚተነፍስ ከሆነ አፍ አለው። አፉ በየት ነው?»

«ከኋላው ነው።»

«ከኋላው ምን አለ?»

«አስሬዋለሁ» አለች ፈንታዬ፤ ድምፅዋ ግን የሌላ፣ ያነሰች ሴት ድምፅ ነበር።

«የእኔ ተማሪ ደበሎውን ተከናንቦ እሳት ዳር ሲተኛ እንዲህ ነው የሚያቃስት። እሱስ ሲታፈን ነቅቶ ይገልጠዋል። ይህ ምስኪን በምን እጁ...»

ድርግም አለ።

ዝናቡ ብቻ ቀረ። ፈንታዬ ተንበርክካ ክሩን ልትፈታ ብትሞክር ጣቶቿ እምቢ አሏት፤ በጥርሷ በጠሰችው። ልብሱን ከላዩ ስትገፍ ከድስት ክዳን ሥር እንደሚወጣ ያለ ትኩስ ነፋስ ፊቷን መታት። ያን ጊዜ የይርዳው ሱቅ ትዝ አላት፤ አግዳሚው፣ ጎረምሶቹ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ራቁቱን ቆሞ ሲዘፍን የዋለው ሳጥን። ይርዳውን ሌባ ያለችላት ሥራነሽም ትዝ አለቻት።

ከልብሱ የወጣውን አቧራ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ እያራገፈች፣ «የኔታ፣ አራቱን ይድገሙልኝ» አለች።

«ስንተኛ ነበር?»

«ሦስተኛ።»

«እንግዲያስ ተነግረዋል።»

«የኔታ፣ መኪናው ነው እኮ እንጂ እኔ...»

«ልብሱን እኔ ነኝ የሰፋሁለት?» ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ያ ቅባታም ልጅ በየደቂቃው አስቀምጭ አላለሽም ነበር? አንቺው አይደለሽም እየሳቅሽ የነገርሽኝ? ዐርባ ዓመት ለተማሪ ያልሰበርሁትን ለአንቺ ዳንቴል አልሰብርም። ስምንት ቀርተዋል። ትጽፊያለሽ ወይስ ካልሲ ትሠሪለታለሽ?»

ጻፈች። ኮምፒውተሩ ራቁቱን፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሆን ለቤቱ ሰጥቶ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሠራ። ፈንታዬም በየመስመሩ መጨረሻ ማንም እንዳይሰማት ቁልፉን በቀስታ እየነካች ፈረመች። የኔታ ግን ይሰማሉ። ከእያንዳንዷ ንክኪ በኋላ ትንሽ ይጠብቋታል።

ስምንተኛው ሲያልቅ ይነሡ ብላ እጃቸውን ልትይዝ ስትል፣ «ቆይ፣ አላለቀም» አሉ። «አራቱ ከጎደሉበት ቦታ ላይ የምነግርሽን ጻፊ።»

«እሺ የኔታ።»

«ከዚህ አራት ቅኔዎች ጎድለዋል። የጎደሉት መምህሩ ረስቶ አይደለም።»

መታች።

«ጸሐፊዋ ወይዘሮ ፈንታዬ ለመኪናው ድርብ ልብስ ሰፍታ፣ መተንፈሻውን አስራ፣ መኪናው ታፍኖ ስለወደቀ ነው።»

የፈንታዬ ጣቶች ቆሙ።

«ምነውሳ? ፈጠንሁብሽ?»

«የለም።» መታች።

«የሚያውቅ ሰው የመከራትንም ንቃ ስለተወች ነው። አራቱን የፈለገ ዲማ መጥቶ ቁጭ ብሎ ይማር። በቃ። አሁን ፈርሚበት።»

የኔታ በልደታ ዋዜማ ሄዱ። ፈንታዬ ዳንቴሉን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ከአልጋ ሥር ያለውን የጽሕፈት መኪና አውጥታ አለበሰችው። ሰፋው፤ ቢሆንም እሱ አይተነፍስም።

በሳምንቱ ጽሑፉን በፍላሽ ይዛ ወረቀት ላይ ልታስወጣ ይርዳው ሱቅ ሄደች። በአቅራቢያዋ ማተሚያ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ሌባ ነው መባሉን ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ ነበር። ፍላሹን ተቀብሎ ሰካ፤ ገጾቹን እያየ ወደ ታች አወረደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። አነበበ። መልሶ አነበበ። ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ አግዳሚው ላይ ያሉት እንዳይሰሙ፤ «ይቺን... ላጥፋት?»

ፈንታዬ አንገቷን አረዘመች።

«ተዋት። የተነገረኝን ነው የጻፍሁ። የፊደል ግድፈት ካለ ብቻ ንገረኝ።»

ይርዳው ሦስተኛ ጊዜ አነበበው።

«የለም።»

«ከየት ይመጣል» አለች፣ ቦርሳዋን እየዘጋች።